ቢራን የመቅመስና ነጥብ የመስጠት ሥርዓት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ሁለት ቢራ በሁለት ብርጭቆ ተቀድቶ ከአንድ ዳኛ ፊት ቢቀርብና ሁለቱም ቅቤ ቅቤ ቢሉ፣ ዳኛው በአንደኛው ላይ ነጥብ ቀንሶ ሁለተኛውን እንዲሁ ሊያልፈው ይችላል። ይህን በማድረጉም አዳልቷል አይባልም። አንደኛው የጀርመን ፒልስ፣ ሁለተኛው የቦሄሚያ ፒልስነር እንደ ሆነ ፍርዱ የተስተካከለ ነው። ቅቤ ቅቤ የሚያሰኘው ዳያሲቲል የተባለው ውሁድ ሲሆን፣ ይኸውም እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል በሚለውጥበት ጊዜ በጎን የሚፈጠር ነው። በአንድ ሊትር ለዘብ ያለ ቢራ ውስጥ 0.1 ሚሊ ግራም ያህል ሲደርስ አብዛኛው ሰው ይለየዋል። እርሾው በቂ ጊዜ ካገኘ ራሱ የፈጠረውን መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ በጀርመኑ ቢራ ውስጥ ተርፎ መገኘቱ ጠማቂው እንደ ቸኮለ ይመሰክራል። በቦሄሚያው ግን በመጠኑ ቢገኝ የአገሩ ወግ ስለ ሆነ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

የቢራ ዳኝነት ዋና ችግር በእነዚህ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ይታያል። አንድ ቀማሽ «ይህ ቢራ ከ50 ነጥብ 38 አገኘ» ሲል፣ ከምን ጋር ተመዝኖ ያን ያህል እንዳገኘ አብሮ ካልተገለጸ በቀር ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የሚዛኑ ሌላው ወገን ባዶ ሆኖ ሳለ የሚነገር ክብደት ይሆናል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ፣ ያ ሌላው ወገን በምን እንደ ተሞላ፣ ማን እንደ ሞላውና ያልተጻፈለት መጠጥ ምን እንደሚደርስበት ለመመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቢራ ዓይነት የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚወለድ ለመረዳት ከፕልዘን ከተማ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኘው በዚያች ከተማ በ1838 ሕዝቡ በቢራው መበላሸት ተማርሮ ብዙ በርሜል ቢራ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት እንደ ፈሰሰ ይተረካል። ከዚያም በኋላ የጠመቃ መብት የነበራቸው ነዋሪዎች ተባብረው አዲስ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ዮሴፍ ግሮል የተባለውንም ጠማቂ ከባቫሪያ አስመጡ። ግሮል በ1842 የጠመቀው ቢራ ወርቅማና ጥርት ያለ ሆነ። የፕልዘን ውኃ ጨው እምብዛም የሌለበት ለስላሳ ውኃ ነው፤ በአካባቢው የሚበቅለው ሆፕ፣ ማለትም ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን አገልግሎት ለቢራ የሚሰጠው ተክል፣ መዓዛው የረጋ ነው፤ ብቅሉ ሳይጠቁር የደረቀ፣ እርሾውም በቀዝቃዛ ጓዳ ቀስ ብሎ የሚሠራ የባቫሪያ እርሾ ነበር። በዛሬው ዘመን በዓለም ላይ በየፋብሪካው የሚጠመቀው ቢራ አብዛኛው የዚህ የግሮል ቢራ የቅርብ ወይም የሩቅ ዘመድ ነው።

በእንግሊዝ አገር የበርተን ከተማ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ጂፕሰም የበዛበት በመሆኑ የሆፑን መራራነት አጥርቶ ያወጣዋል፤ ፔል ኤል የሚባለው የእንግሊዝ ቢራ በዚያ ከተማ ስም ያገኘው ስለዚህ ነው። የደብሊን ውኃ ካርቦኔት ስለሚበዛበት፣ ተቆልቶ የጠቆረው እህል የሚያመጣው ኮምጣጣነት ያስታርቀዋል፤ ጥቁሩም ስታውት እዚያ ተስማምቶት አደገ። እንግዲህ የቢራ ዓይነት የጠማቂው ብልኃት የሚያፈራው ቢሆንም የጉድጓዱም ድርሻ በውስጡ አለበት።

በእነዚህ የተለያዩ ወጎች መካከል ያለው ልዩነት ከመልክና ከመራራነት አልፎ ይሄዳል፤ በአንዱ ዘንድ ነውር የሆነው በሌላው ዘንድ ማዕረግ እስከ መሆን ይደርሳል። በባቫሪያ የስንዴ ቢራ ውስጥ የቅርንፉድና የሙዝ መዓዛ ሊገኝ ግድ ነው። ሁለቱንም የሚያመነጨው የቢራው ልዩ እርሾ ነው። ያው ቅርንፉድ በፒልስነር ውስጥ ቢገኝ ባዕድ እርሾ ወደ ጋኑ እንደ ገባ ያስታውቃል፤ ዳኛውም ያለ ርኅራኄ ይቀጣዋል። በባምበርግ ከተማ ብቅሉ ቢች በተባለው ዛፍ እንጨት ጢስ ስለሚደርቅ ቢራው ጢስ ጢስ ይላል፤ ከባምበርግ ውጭ ይህ ጠረን በቢራ ውስጥ ቢገኝ ጠማቂው ምክንያቱን ሲፈልግ ያድራል። በበርሊን የስንዴ ቢራ ላክቲክ አሲድ የሚያመጣው ኮምጣጣነት የመጠጡ ዋና መታወቂያ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የፋብሪካ ቢራዎች ውስጥ ግን የመበላሸት ምልክት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የብራስልስ አካባቢ ላምቢክ ነው። በዚያ ጠማቂው እርሾ አይጨምርም። የፈላውን ጭማቂ በክረምት ሌሊት ገልጦ በሰፊ ገንዳ ያሳድረዋል፤ ከአየርና ከእንጨቱ በርሜል የሚገኙት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራውን ይጀምራሉ፤ ቢራውም በበርሜል አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የደረሰው ላምቢክ የሚሰጠውን ጠረን የፈረንጅ ቀማሾች ከፈረስ ልብስ ጋር ያነጻጽሩታል፤ በአማርኛ ላብ የጠጣ ግላስ ቢባል ቁርጥ እርሱ ነው። ይህን ጠረን ከሚያመጡት መካከል ዋናው ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ነው። የግኝቱ ታሪክ ራሱ ለዚህ ሐተታ ምስክር ይሆናል። በኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን በ1883 ንጹሕ እርሾን ለብቻው ነጥሎ ማራባት ቻለ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቢራ ፋብሪካዎች የዱር እርሾን እንደ ጠላት ማባረር ያዙ። ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣው ክላውሰን ግን በ1904 ለለንደን ጠማቂዎች ባቀረበው ጥናት፣ ለእንግሊዝ የቆየ ቢራ ልዩ ጣዕሙን የሚሰጠው አንድ ሌላ እርሾ መሆኑን አስታወቀ፤ ስሙንም «የብሪታንያ ፈንገስ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየመው። አንድ ቤት የዱር እርሾን በማባረርም በመሰየምም ቀዳሚ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ለብዙ ዘመን በጠማቂው ልማድና በጠጪው ምላስ ብቻ ተጠብቆ ኖረ። በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈለገው ልዩነቱ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ ነው። በብሪታንያ በበርሜል ውስጥ የሚበስለውን ነባር ቢራ ከመጥፋት ለማዳን ጠጪዎች በ1971 ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካ ፍሪትዝ ሜይታግ በ1965 ሊዘጋ የነበረውን የሳን ፍራንሲስኮውን አንከር ጠመቃ ቤት ገዛ፤ ያ ቤት ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ በ2023 ተዘግቷል። በ1976 ጃክ ማኮሊፍ በካሊፎርኒያ ኒው አልቢዮን የተባለውን ትንሽ ጠመቃ ቤት ከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቢከስርም ምሳሌነቱ አልከሰረም። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ አኳኋን የተጀመረው የአነስተኛ ጠማቂዎች ሥራ ዛሬ በዚያች አገር ከ9,000 በላይ ጠመቃ ቤቶችን አፍርቷል።

በ1977 ማይክል ጃክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ (ከዝነኛው ዘፋኝ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው) የዓለምን ቢራ በየዓይነቱ ለይቶ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። የእርሱ ሥራ ለተርታው አንባቢ የተዘጋጀ ይሁን እንጂ፣ ቢራዎችን በቤተሰብ በቤተሰባቸው የማየትን ልማድ ያስፋፋው እርሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ዴንማርካዊው ኬሚስት ሞርተን ማይልጋርድና ባልደረቦቹ የቢራ ጣዕም መንኰራኵር ተብሎ የሚታወቀውን ሥዕል አሳተሙ። መንኰራኵሩ በ14 ክፍል የተመደበ ሲሆን ከመቶ የሚበልጡ ቃላት ይዟል፤ የአውሮፓና የአሜሪካ የጠማቂዎችና የቢራ ኬሚስቶች ማኅበራትም እንደ ጋራ መዝገበ ቃላት ተቀበሉት። ዋና ጥቅሙ፣ በኮፐንሃገን የተቀመጠ ቀማሽ «የተቀቀለ በቆሎ ሸተተኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ በሚልዋኪ ያለው ባልደረባው ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለውን ውሁድ ማለቱ መሆኑን እንዲረዳ ማስቻሉ ነው። አረንጓዴ ፖም አሴታልዴሃይድ ነው፤ የራሰ ካርቶን የእርጅና ምልክት ነው። ፀሐይ የመታው ቢራ የሚያመጣውን ክፉ ጠረን የሚፈጥረው ውሁድ ደግሞ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ እጅ ጥቂቱ ብቻ ቢገኝ ይታወቃል። ቢራ በቡናማ ጠርሙስ የሚታሸገው ስለዚህ ነው፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ የሚመርጡ ፋብሪካዎች ለዓይን ብለው አፍንጫን ይበድላሉ።

በ1985 በአሜሪካ የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥንና የሚመዝን ድርጅት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት የሚያወጣው የቢራ ዓይነቶች ዝርዝርና የነጥብ መስጫ ቅጽ ዛሬ በብዙ አገሮች ያገለግላል። ቅጹ 50 ነጥብ አለው፤ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለጠቅላላ ግምት 10 ተመድቧል። ከ45 በላይ ያገኘ በዓይነቱ አቻ የማይገኝለት ነው፤ ከ38 እስከ 44 እጅግ ጥሩ፣ ከ30 እስከ 37 በጣም ጥሩ፣ ከ21 እስከ 29 ጥሩ ይባላል። ከ14 በታች የወደቀው ከባድ ጉድለት ያለበት ነው። በልማድ ግን ዳኞች ከ13 በታች አይወርዱም፤ አፍ የሚያጣምመውም ቢራ ቢሆን ለጠማቂው ድካም ያችን ታህል ይሰጡታል።

ለመልክ 3 ነጥብ ብቻ መመደቡ ለጀማሪ ያስገርመዋል፤ ይሁንና ከቅጹ ክፍሎች ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበው ይህ ነው ማለት ይቻላል። ዓይን አፍንጫን ይገዛልና። በ2001 የታተመ የቦርዶ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ለ54 ቀማሾች ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ነጭ የወይን ጠጅ ቀረበላቸው፤ እነርሱም ያንን ጠጅ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ቀማሾቹ አላዋቂዎች አልነበሩም፤ የወይን ጠጅ ሙያ የሚማሩ ነበሩ። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቢራ የቀረበለት ዳኛ ገና ሳይቀምሰው የቡናና የቸኮላት ጣዕም መጠበቅ ቢጀምር አያስደንቅም።

ከዚህም የተነሣ የቅምሻው ሥነ ሥርዓት አብዛኛው ክፍል ዳኛውን ከራሱ ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ብርጭቆዎቹ በቁጥር እንጂ በፋብሪካ ስም አይቀርቡም። ለዘብ ያለው አስቀድሞ፣ ጠንካራውና መራራው በኋላ ይቀመሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ውኃና ያልተቀባ ዳቦ ይቀርባል። ቢራው እንደ ተቀዳ ዳኛው በመጀመሪያ ያሸተዋል፤ የድኝ ጠረንን የመሳሰሉት በንው የሚጠፉ ሽታዎች ጊዜ አይሰጡምና። መልኩን የሚያየውና የሚጐነጨው ከዚያ በኋላ ነው። ቢራው ከበረዶ የወጣ ያህል ቀዝቅዞ እንደ ሆነ መዓዛው ታፍኖ ስለሚቀር ብርጭቆውን በመዳፉ አቅፎ ጥቂት ያሞቀዋል። አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት መራራን የሚለየው የምላስ ሥር፣ ጣፋጭን የሚለየው ጫፉ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ ይህ ትምህርት ትክክል እንዳልሆነ ታውቋል፤ አምስቱም ጣዕሞች በምላስ ሁሉ ላይ ይታወቃሉ።

ዳኞቹ ጽፈው ሳይጨርሱ አይነጋገሩም። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከፍ ያለ ስም ያለው ሰው «እምም» ቢል እንኳ የሌሎቹን ብዕር ያዘነብላል። ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነጥባቸው ከ7 በላይ የተራራቀ እንደ ሆነ ተወያይተው እንዲቀራረቡ ይጠበቃል። በዚህ ላይ አንድ ትችት ይሰነዘራል፤ ይኸውም መቀራረቡ አንዳንድ ጊዜ እውነትን ለስምምነት ሲባል መሸጥ ይሆናል የሚል ነው። ትችቱ መሠረት አለው። ሰዎች ሁሉ በአንድ አፍንጫ አይፈጠሩም፤ ከዳኞች መካከል ዳያሲቲልን ጨርሶ የማይለዩ ይገኛሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው «ቅቤ የለውም» ብሎ ቢምል አልዋሸም። በዚህ ጊዜ መካከለኛውን ነጥብ መውሰድ ከሁለቱም ስሕተትን ያተርፋል። የሚሻለው እያንዳንዱ ዳኛ የታወቀ መጠን ውሁድ በተጨመረበት ቢራ አስቀድሞ ተፈትኖ፣ የማያሸተውን ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ በካርልስበርግ በ1940ዎቹ ጥቅም ላይ የዋለው የሦስት ብርጭቆ ፈተና እስካሁን አላረጀም፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ ሦስተኛው የተለየ ሆኖ ይቀርባል፤ ቀማሹም የተለየውን ያወጣል። በዕድል ብቻ ከሦስት አንዴ ሊያገኘው ስለሚችል፣ ችሎታው የሚታመነው ደጋግሞ ሲያገኘው ነው።

ጠጪው ሕዝብ ራሱ ነጥብ በሚሰጥባቸው ዝርዝሮች ላይ ግን ይህ ጥንቃቄ የለም። ውጤቱም ይታያል። በእነዚህ ዝርዝሮች አናት ላይ በብዛት የሚቀመጡት ጥቁርና ከባድ፣ አልኮላቸው የበዛ፣ በውስኪ በርሜል የከረሙ ቢራዎች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ምሽት አሥር ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ ለሚቀምስ ሰው የሚሰማው ከፍ አድርጎ የሚጮኸው ነው። ጥሩ ፒልስነር በግማሽ ሊትር እንዲጠጣ፣ ተጠጥቶም ሁለተኛውን እንዲያስመኝ የተጠመቀ በመሆኑ በአንድ ጉንጭ ቅምሻ ልኩ አይታወቅም። ጠማቂዎች ለነጥቡ ብለው ሁሉንም ወደ ከባድና ወደ ጣፋጭ ቢያዘነብሉት፣ ልዩነትን ለማዳን የተጀመረው ሥራ ልዩነትን ወደ ማጥፋት ይዞራል። ለዓይነቱ ታማኝ የሆነውን ቢራ በዓይነቱ መመዘን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚነካበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ1922 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1915 ዓ.ም.) ተቋቋመ። እርሱም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተቋቋሙት ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጠምቁት የፕልዘን ዘመድ የሆነውን ወርቅማና ጥርት ያለ ቢራ ነው። የከተማው ጠጪ ቢራ ሲባል የሚያስበው ይህን ነው፤ የምግብ ሙያተኛውም በትምህርት ቤት የተማረው የጥራት መለኪያ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ አንድ ሙያተኛ በዚህ መለኪያ ጠላን ቢመዝን ምን ያገኛል? በመዓዛ ረገድ ጢስ፣ ሆፕም የለ፤ ነጥብ ይቀነሳል። በመልክ ረገድ ድፍርስ፣ አረፋውም የማይቆይ፤ ነጥብ ይቀነሳል። በጣዕም ረገድ ኮምጣጣነት አለ፤ ይህም ላክቲክ አሲድ አምራች ባክቴሪያ እንደ ገባበት ስለሚያሳይ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል። በአፍ ውስጥ የእህል ቅንጣት ይገኛል፤ ጋዙም ትንሽ ነው። በበዓል ቀን እንግዳ ሁሉ ያመሰገነው ጠላ በዚህ ቅጽ ከ14 በታች ወርዶ ይወድቃል።

ይህ ዕጣ የጠላ ብቻ አይደለም። የፊንላንድ ገበሬዎች ሳህቲ የሚባል መጠጥ ይጠምቃሉ። ጭማቂው የሚጠለለው በገንዳ ውስጥ በተነጠፈ የጥድ ቅርንጫፍ ነው፤ እንደ ልማዱም ብዙውን ጊዜ አይፈላም፤ የሚጨመርበት የዳቦ እርሾ ነው፤ መጠጡ ድፍርስ፣ አረፋ የሌለው፣ ቶሎ የሚበላሽና ሙዝ ሙዝ የሚል ነው። በፒልስነር መለኪያ ይህም ከጠላ የተሻለ አያገኝም። ነገር ግን ሳህቲ በ2002 በአውሮፓ ኅብረት በባህላዊ ምርትነት ተመዘገበ፤ ከላይ የተጠቀሰው የዳኞች ድርጅትም ከታሪካዊ ቢራዎች ተራ አስገብቶ መልኩን፣ መዓዛውንና ከ7 እስከ 11 በመቶ የሚደርሰውን አልኮሉን በዝርዝር ጽፎለታል። አሁን ፊንላንድን ያላየ ዳኛ የቀረበለት ሳህቲ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምክንያት ሊናገር ይችላል። ጠጅ በዚሁ ድርጅት የ2008 ዝርዝር ውስጥ፣ ስለ ማር መጠጦች በተጻፈው ክፍል፣ በቅንፍ ስሙ ተጠቅሷል። ጠላ ግን በ2021 በወጣው የቢራ ዝርዝር የራሱ ክፍል የለውም።

ለጠላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማዘጋጀት ለኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እንግዳ ሥራ አይደለም፤ የቡና ቀማሾች ሲሠሩት ኖረዋል። በደረቁ የተዘጋጀው የሐረር ቡና የወይን ጠጅ የሚመስል ቃና ሲኖረው ይመሰገንበታል፤ ያው ቃና በታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ውስጥ ቢገኝ ፍሬው ከልክ በላይ እንደ ቦካ ይጠረጠራል። ቀማሹ ሁለቱን በአንድ ልክ አይለካም። በጠላም ቤት ቢሆን ቃላቱ ከጥንት አሉ፤ ያልተጠለለው ጉሽ፣ ከአተላው ላይ እንደ ገና ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ቅራሪ፣ በጎንደር አካባቢ የሚጠመቀው ቆረፌ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም ያላቸው የየራሳቸው መጠጥ ናቸው። የትግራዩን ስዋና የኦሮሞውን ፋርሶ ጨምሮ ሲታይ ዝርዝሩ ይሰፋል። ጠላ ያልደረሰ፣ የደረሰ፣ የከረረ፣ የሆመጠጠ እየተባለ ይለያል። አሳላፊው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ የሚቀምሰው መጠጡ ንጹሕ ስለ መሆኑ ዋስትና ለመስጠት ነበር፤ ከዚያ ዋስትና ጋር ግን በየቤቱ የታወቀ የጣዕም ፍርድ አብሮ ይኖር ነበር።

የጐደለው ይህን ፍርድ ከምክንያቱ ጋር አያይዞ መጻፍ ነው። የጌሾው ቅጠልና እንጨቱ በምን ያህል ሲመጣጠኑ መራራነቱ ይለዝባል? እንኩሮው እስከ ምን ያህል ሲቆላ ነው ጠላው ጠቁሮ ሳያርር የሚወጣው? ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና ማሽላ ለጣዕሙ የሚሰጡት ልዩነት ምንድን ነው? ኮምጣጣነቱ በምን ያህል አሲድ ሲደርስ ነው «ደረሰ» የሚለው ቃል ወደ «ሆመጠጠ» የሚለወጠው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ጠላ ጠማቂ ሴቶች ናቸው፤ ቤተ ሙከራው መስማት ያለበት በመጀመሪያ ከእነርሱ፣ መለካት ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። መሥፈርቱ በባለሙያዎች ቢሮ ተጽፎ ወደ ጋኑ ቢወርድ ፒልስነሩን በሌላ ስም መልሶ ማምጣት ይሆናል።

ሥራው ሊዘገይ የማይገባበት ምክንያት ከጋኑ ጋር የተያያዘ ነው። የጠላ ጋን በግራዋ ከታጠበ በኋላ በወይራ ይታጠናል፤ የጠላው ጢስ የሚመጣው ከዚህ ነው። በብዙ ከተሞች አሁን በሸክላው ጋን ፋንታ የላስቲክ በርሜል ገብቷል፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ለማጠብም አያስቸግርም፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ አይታጠንም። በላስቲክ የተጠመቀ ጠላ የለመደ ወጣት በገጠር የታጠነ ጠላ ቢቀርብለት ጢሱን ጉድለት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። የባምበርግ ሰዎች ጢሳቸውን ጽፈው ስላስቀመጡ ማንም ዳኛ በእነርሱ ላይ እንዲህ አይፈርድም።

በቅጹ ዝግጅት ጊዜ ከሁሉ የሚያስቸግረው ምናልባት የጊዜው ነገር ይሆናል። የፋብሪካ ቢራ ከተጣራና ከታሸገ በኋላ ለወራት እንዳለ እንዲቆይ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዳኛው በየትኛው ቀን እንደሚቀምሰው መጠየቅ አያስፈልገውም። ጠላ ግን ሕያው ነው፤ እርሾውና ባክቴሪያው በጋኑ ውስጥ ሥራቸውን አያቆሙም፤ በተጠለለበት ዕለት የቀመሱት ጠላ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጠላ ነው። ለአንዱ ጋን አንድ ነጥብ መስጠት ስለማይቻል፣ በሚዘጋጀው ቅጽ ላይ ከመዓዛውና ከመልኩ በፊት መሞላት የሚገባው የመጀመሪያው መስመር፣ ጠላው ከተጠለለ ስንተኛ ቀኑ እንደ ሆነ የሚጠይቀው ነው።